ደካማው ቡድን ሲደርሳችሁ፦ በማድን ፍራንቻይዝ የሽንፈት ሲዝንን እንዴት ትጠቀሙበታላችሁ?

ከጓደኞቻችሁ ጋር ማድን ኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ቪዲዮ ጌም) ላይ ፍራንቻይዝ፣ ማለትም አንድ ቡድን ለብዙ ሲዝን የምትመሩበትን ሊግ፣ ከፈታችሁ፣ ዕጣ ወጣ፣ የሊጉ መጨረሻ ቡድን ለእናንተ ደረሰ እንበል። ኳስ የሚወረውረው መሪ ተጫዋች፣ ኳርተርባኩ፣ የችሎታ ቁጥሩ 68 ነው። ኳርተርባኩን የሚከላከልለት ኦፌንሲቭ ላይን ማንንም አያቆምም። ደመወዙ ደግሞ 30 ዓመት ባለፋቸው ሰዎች ተበልቶ አልቋል። ብዙ ሰው እንዲህ ዓይነት ቡድን ሲደርሰው አራተኛው ሳምንት ላይ ሊጉን ጥሎ ይወጣል። አትውጡ፤ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚጥም ሥራ የለም።

ከሁሉ በፊት ይህ ሲዝን ለምን እንደሆነ ወስኑ። ስምንት ጨዋታ አሸንፎ ፕሌይኦፍ (የዋንጫው ጥሎ ማለፍ) ሳይገቡ መቅረት ለእናንተ ምንም አይጠቅምም፤ በድራፍት (ቡድኖች በተራ አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት) ጥሩ ቦታም አያስገኝም፣ ዋንጫም አያመጣም። ጠንካራ ቡድን የያዘው ሰው ዘንድሮ ማሸነፍ አለበት፣ ስለዚህ ይቸኩላል። እናንተ ደግሞ ጊዜ አላችሁ። ያላችሁን ጥሩ ነገር ለሚቸኩለው ሰው ሽጡለት።

መጀመሪያ የሚሸጠው ኳስ ይዞ የሚሮጠው ራኒንግ ባክ ነው። 28 ካለፈው ቁጥሩ ቶሎ ይወርዳል፣ ገበያ ላይ ግን ስሙ አሁንም ያወጣል። ቀጥሎ 30 የደረሱ ሪሲቨሮች (ውርወራ የሚቀበሉ) እና ኮርነርባኮች (እነሱን የሚከላከሉ)። የዝውውሩ መዝጊያ ሳምንት እስኪደርስ አትጠብቁ፤ አንዱ ጠንካራ ቡድን ውስጥ ሰው ሲጎዳ በዚያው ቀን መልእክት ላኩ። ዋጋው ከዚያ ቀን በላይ አይወጣም።

በምትኩ ምን ትጠይቃላችሁ? እዚህ ላይ እውነተኛውን ኤንኤፍኤል እንይ። በፈረንጆቹ 2021 ዲትሮይት ላየንስ ኳርተርባኩን ማቲው ስታፈርድን ለሎስ አንጀለስ ራምስ ሰጥቶ ጃሬድ ጎፍን፣ የ2021 ሦስተኛ ዙር ምርጫን እንዲሁም የ2022 እና የ2023 አንደኛ ዙር ምርጫዎችን ተቀበለ። ራምስ በዚያው ሲዝን የሊጉን ዋንጫ፣ ሱፐር ቦውልን፣ በላ። ላየንስ 3 አሸንፎ፣ 13 ተሸንፎ፣ 1 አቻ ወጣ። ያኔ ውጤቱን ብቻ ያየ ሰው ላየንስ ተሸወደ ማለቱ አይቀርም። በ2022 ግን ራምስ 12 ጨዋታ ተሸነፈ። የድራፍቱ ተራ ከመጨረሻው ስለሚጀምር፣ ከራምስ የተወሰደው የ2023 ምርጫ 6ኛ ሆኖ ቁጭ አለ! ላየንስ ያንን 6ኛ ለአሪዞና ሰጥቶ 12ኛና 34ኛን ያገኘበት ልውውጥ አደረገ፤ በአንዱ ጃሚር ጊብስን፣ በሌላው ሳም ላፖርታን መረጠ። በ2023 ሲዝን 12 አሸንፎ እስከ ኤንኤፍሲ (ከሊጉ ሁለት ምድቦች አንዱ) ፍጻሜ ደረሰ።

ስለዚህ ከዋንጫ ተፎካካሪ ቡድን የዘንድሮን ምርጫ ብቻ አትጠይቁ። የዘንድሮው ዙሩ መጨረሻ አካባቢ ነው የሚወድቀው። ያ ቡድን በዕድሜ የገፋ ከሆነ ግን የከርሞውንና ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ውሰዱ። ባለቤቱ ዛሬ ስለማይጎዳው በቀላሉ ይሰጣል፣ እናንተ ደግሞ ያ ቡድን በሚያረጅበት ዓመት ትሰበስቡታላችሁ።

ሳላሪ ካፑ፣ ማለትም የቡድኑ የደመወዝ ጣሪያ፣ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ነው። የፊርማ ቦነስ በውሉ ዓመታት ላይ ተከፋፍሎ ነው የሚቆጠረው። ለምሳሌ አንድ ተጫዋች የ4 ዓመት ውልና 20 ሚሊዮን ዶላር ቦነስ ካለው በየዓመቱ 5 ሚሊዮን ይያዝበታል። ከሁለት ዓመት በኋላ ካባረራችሁት ወይም ከሸጣችሁት የቀረው 10 ሚሊዮን ተጫዋቹ በሌለበት እናንተው ላይ ይቆጠራል፤ ዴድ ማኒ የሚሉት ይሄ ነው። ስለዚህ ከማሰናበታችሁ በፊት የሚተርፈውንና የሚቀጣችሁን ገንዘብ አስተያዩ። ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ዴድ ማኒ መዋጥ ያለበት በዚህ በሚጠፋው ሲዝን ነው። የማትፈልጉትን ውል ሁሉ አሁን አጽዱት፣ ቡድኑ ሲደርስ ካፑ ባዶ ይሁን።

በተረፈው ቦታ ወጣቶችን አስገቡ። ማድን ላይ የተጫዋቹን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የዕድገት ደረጃውንም ተመልከቱ፤ ኖርማል፣ ስታር፣ ሱፐርስታር፣ ኤክስ ፋክተር። 22 ዓመት የሆነው 70 ስታር፣ 31 ዓመት ከሆነው 77 ይሻላችኋል፣ ያውም በብዙ። ግን ካልተጫወተ እንደሚገባው አያድግም። ዴፕዝ ቻርቱን (ማን ቀድሞ እንደሚሰለፍ የሚያሳየውን ዝርዝር) ራሳችሁ አስተካክሉ፤ በተለይ ግጥሚያው በሲሙሌሽን፣ ማለትም ሳትጫወቱት ኮምፒውተሩ አስልቶት፣ የሚያልፍ ከሆነ ጨዋታው የሚያሰልፈው እዚያ ላይ ያስቀመጣችሁትን ነው።

ከዚህ ሕግ አንድ ሰው ይወጣል፣ ጀማሪ ኳርተርባክ። ክሊቭላንድ ብራውንስ በ2017 ከሁለተኛው ዙር የመጣውን ዴሾን ኪዘርን 15 ጨዋታ አሰለፈው። 22 ኢንተርሴፕሽን (በተቃራኒ ቡድን የተጠለፈ ውርወራ) ጣለ፣ ቡድኑም አንድም ሳያሸንፍ 16ቱንም ተሸንፎ ጨረሰ። መጀመሪያ ላይኑን ሥሩ። ላየንስ ከስታፈርድ በኋላ ባገኘው የመጀመሪያ ድራፍት በ7ኛው ምርጫ የወሰደው ፔኔይ ሱዌልን፣ ኦፌንሲቭ ታክልን (የላይኑን ዳር የሚይዝ ተጫዋች) ነበር። እኔም አንደኛ ዙር ምርጫ በእጄ ኖሮ ታክል ካስፈለገኝ ሁለቴ አላስብም። ለኳርተርባኩ አንድ ዓመት የሚሸፍን ልምድ ያለው ርካሽ ሰው አስፈርሙ።

አራተኛና አምስተኛ ዙርን አትናቁ። ላየንስ ኮከብ ሪሲቨር የሆነለትን አሞን-ራ ሴንት ብራውንን የመረጠው በ2021 አራተኛ ዙር፣ 112ኛ ላይ ነው።

ሆን ብላችሁ ግን አትሸነፉ። ምርጥ ተጫዋቾቻችሁን ደብቃችሁ ቤንች ላይ ካስቀመጣችሁ ሊጉ ይበላሻል፣ ጓደኞቻችሁም በትክክል ይናደዱባችኋል። ቡድኑ ወጣት ስለሆነ ብቻ በቂ ይሸነፋል። እናንተ በየሳምንቱ ለማሸነፍ ተጫወቱ።

ሁለተኛው ሲዝን ሲጀምር ደግሞ መደንገጥ ይመጣል። ላየንስ 2022ን 1 አሸንፎ 6 ተሸንፎ ነው የጀመረው። ከስድስቱ ሽንፈቶች አራቱን ስታዩ ግን ከፊላደልፊያ ጋር 38 ለ 35፣ ከሚኒሶታ 28 ለ 24፣ ከሲያትል 48 ለ 45፣ ከማያሚ 31 ለ 27። ሲዝኑን 9 አሸንፎ 8 ተሸንፎ ጨረሰ። እናንተም ሰባተኛው ሳምንት ላይ የነጥብ ልዩነቱን ቁጠሩ። በ3 እና በ4 ነጥብ የምትሸነፉ ከሆነ ማንንም አትሽጡ፣ አትነካኩት። በ20 ከሆነ ግን ችግሩ አሁንም ያው ላይኑ ነው፣ የሚቀጥለውን አንደኛ ዙር እዚያ ላይ አውሉት።