ክበብ ገብታችሁ ጥግ ለያዛችሁ

ስድስት ኪሎም ሆነ አምስት ኪሎ የተማሪዎች ክበብ ተመዝግባችሁ፣ ከሁለት ስብሰባ በኋላ ማንንም ሳታውቁ የቀራችሁ ካላችሁ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ለመያዝ እጃችሁን አውጡ። ሥራውን የሚሻማችሁ ብዙ ሰው የለም። ጸሐፊ ባይናገርም ይፈለጋል፤ «ባለፈው ምን ወስነን ነበር?» የሚል ሁሉ ወደ እናንተ ይመጣል፣ ትውውቁም በዚያው ይጀመራል። የሰውን ረጅም ንግግር በሁለት መስመር ማስቀመጥ መልመዳችሁም ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ትልቅ ስንቅ ነው። ማስታወሻውን ግን ከአእምሯችሁ ሳይጠፋ በዕለቱ ገልብጡት፤ እኔ ቁልቁል ወደ አራት ኪሎ ወርጄ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እጨርሰዋለሁ። የክርክር ክበብ የገባችሁት መናገር ለመለማመድ ከሆነ፣ ጽሕፈቱ መደበቂያ እንዳይሆንባችሁ ከአንድ መንፈቅ ዓመት በላይ አትያዙት።