ካልሲየም የኒኮቲኒክ ተቀባይን መደንዘዝ እንዴት እንደሚለውጥ መለካት፦ ጎንደር ላይ ለሚሠሩ

ኒኮቲኒክ ተቀባይ በነርቭና በጡንቻ ህዋስ ገጽ ላይ ያለ የፕሮቲን ቻናል ነው፤ የነርቭ መልእክተኛው አሴቲልኮሊን ወይም ኒኮቲን ሲያርፍበት ተከፍቶ ሶዲየምና ካልሲየም ያስገባል። ኒኮቲኑ ሳይታጠብ ከቆየ ግን እንደተያያዘ ይዘጋል። ይህን መደንዘዝ ካትዝና ቴስሌፍ በ1957 እ.ኤ.አ. በእንቁራሪት ጡንቻ ላይ ገለጹት፤ በ1966 ደግሞ ማንቴ የውጭ ካልሲየም ሲጨምር የጡንቻው መደንዘዝ እንደሚፋጠን አሳየ። በነርቭ ህዋስ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። ካልሲየም ከውጭ ሆኖ በተቀባዩ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ፍሰት፣ ማለትም ከረንቱን፣ ያጎላል፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ካይኔዞችን (ፎስፌት የሚጨምሩ ኤንዛይሞች) እና ካልሲኒዩሪንን (ፎስፌት የሚነቅል ኤንዛይም) ቀስቅሶ ተቀባዩ የሚያገግምበትን ፍጥነት ይለውጣል። ስለዚህ ሙከራው የውጩን ከውስጡ፣ መደንዘዝን ከማገገም ለይቶ የሚለካ መሆን አለበት።

ለህዋሱ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከቄራ የሚገኝ የበሬ አድሬናል እጢ ክሮማፊን ህዋሳት አሉት፤ የዘር ምንጫቸው ከሲምፓቴቲክ ነርቭ ጋር አንድ ነው፤ አልፋ3ቤታ4 የተባለውን የኒኮቲኒክ ተቀባይ ዓይነትም በብዛት ይይዛሉ። እጢውን ከእርድ በኋላ ወዲያው በበረዶ በቀዘቀዘ ሶሉሽን ያምጡ፣ ህዋሳቱን በሚያላቅቀው ኤንዛይም በኮላጅኔዝ ይበትኑ፣ ከማግስቱ ጀምሮ በፓች ክላምፕ፣ ማለትም በህዋሱ ላይ በሚጣበቅ ቀጭን የመስታወት ፒፔት፣ ከረንቱን ይቅዱ። በሁዳዴ እርድ ስለሚቀንስ የሥራ ሰሌዳውን ከጾሙ ውጭ ማድረግ ይሻላል።

ከፍታው የሚያመጣው ስህተት

ጎንደር ከባህር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ ወደ 590 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይወርዳል። 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባህር ጠለል ላይ 36 ሚሊሜትር ያህል ግፊት ሲሰጥ እዚህ 27 ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ በባይካርቦኔት የሚሠራ ሶሉሽን ፒኤቹ በ0.1 ገደማ ከፍ ይላል፤ ካልሲየምም ከፎስፌትና ከካርቦኔት ጋር ተያይዞ ሊዘቅጥ ይችላል። ኢንኩቤተሩን ወደ 6.5 በመቶ ከፍ አድርገው የህዋስ ማሳደጊያውን ፈሳሽ ፒኤች በሜትር ያረጋግጡ። ለቅጂ ግን ፒኤቹን ለመጠበቅ ጋዝ የማይፈልግ፣ በሄፔስ የሚሠራ ሶሉሽን ይጠቀሙ፦ ሶዲየም ክሎራይድ 140፣ ፖታሲየም ክሎራይድ 4፣ ካልሲየም ክሎራይድ 2፣ ማግኒዚየም ክሎራይድ 1፣ ግሉኮስ 10፣ ሄፔስ 10 ሚሊሞላር፣ ፒኤች 7.4።

የፒፔቱ ሶሉሽን

ሲሲየም ክሎራይድ 110፣ ሄፔስ 10፣ ማግኒዚየም ኤቲፒ 2፣ ጂቲፒ 0.3 ሚሊሞላር፣ በሲሲየም ሃይድሮክሳይድ ፒኤች 7.2። ሲሲየም የሚገባው ካልሲየም የሚከፍታቸውን የፖታሲየም ቻናሎች ለመዝጋት ነው፤ አለበለዚያ የእነሱ ከረንት ከኒኮቲኑ ጋር ይደባለቃል። ኤቲፒን አይተዉ፤ ያለ እሱ ካይኔዝ ፎስፌት መጨመር አይችልም፣ ከምትለኩት ነገር ግማሹ ይጠፋል።

ይህን መነሻ በሦስት ይክፈሉት። አንደኛው ኢጂቲኤ (ካልሲየምን የሚይዝ ኬሚካል) 0.1 ሚሊሞላር ብቻ፤ ካልሲየም እንደልቡ ይወጣል ይወርዳል። ሁለተኛው ኢጂቲኤ 10 ከካልሲየም ክሎራይድ 4 ጋር፤ ነጻ ካልሲየሙ 100 ናኖሞላር ገደማ ይሆናል። ሦስተኛው ባፕታ 10 ከካልሲየም ክሎራይድ 4 ጋር። ባፕታ ካልሲየምን ከኢጂቲኤ መቶ እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ይይዛል። ሁለተኛውና ሦስተኛው የተለያየ ውጤት ከሰጡ ካልሲየም የሚሠራው ከቻናሉ አፍ አጠገብ ነው ማለት ነው። ኢጂቲኤ ለፒኤች በጣም ስሱ ነው፦ ፒኤቹ በ0.1 ቢጨምር ነጻ ካልሲየሙ ከሢሶ በላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ፒኤቹን የሚያስተካክሉት ኢጂቲኤውና ካልሲየሙ ከገቡ በኋላ ነው፤ ሁለቱ ሲያያዙ አሲድ ይለቃሉና።

ቅጂው

በፒፔቱ ጫፍ ስር ያለውን የህዋሱን ሽፋን ከከፈቱ በኋላ የፒፔቱ ሶሉሽን ወደ ውስጥ እንዲደርስ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይጠብቁ። ቮልቴጁን −70 ሚሊቮልት ላይ ይያዙ።

1. ኒኮቲን 100 ማይክሮሞላር ለ200 ሚሊሰከንድ፣ በየ2 ደቂቃው። ሦስት ተከታታይ ከረንቶች በ10 በመቶ ውስጥ ካልተቀራረቡ ህዋሱን ይተዉት።
2. ያንኑ ኒኮቲን ለ10 ሰከንድ። የመደንዘዝ ፍጥነት ከረንቱ በዚህ ጊዜ ከሚወርድበት ቁልቁለት ይለካል።
3. አጥበው ከ2 ሰከንድ በኋላ አንድ አጭር ምት ብቻ። ከዚያ 3 ደቂቃ ዕረፍት፣ ቀጥሎ ሌላ የ10 ሰከንድ ምት፤ የማገገሚያ ቆይታውን በየተራ 5፣ 10፣ 20፣ 40፣ 80 ሰከንድ ያድርጉት።

ከአንድ ረጅም ምት በኋላ አጫጭር ምቶችን መደርደር ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ምት ራሱ ካልሲየም ያስገባል፣ ራሱም ያደነዝዛል። ይህ መንገድ ማገገሙን ሁልጊዜ ዘገምተኛ አድርጎ ያሳያል።

የሶሉሽን ቅያሪውን ፍጥነት ህዋስ ባልያዘ ፒፔትና በቀጠነ ሶሉሽን አስቀድመው ይለኩ። ለአልፋ3ቤታ4 ከ50 ሚሊሰከንድ በታች ይበቃል። ለሌላው ዓይነት ኒኮቲኒክ ተቀባይ ለአልፋ7 አይበቃም፤ እሱ በሚሊሰከንዶች ውስጥ ስለሚደነዝዝ ቀስ ብሎ የሚደርስ ኒኮቲን ብዙውን ሳይከፍተው ያደነዝዘዋል።

የውጭ ካልሲየምን ብቻ ለማየት በባፕታ ፒፔት ሆነው ከ2 ወደ 0.2 ሚሊሞላር ያውርዱ፣ የጎደለውን በማግኒዚየም ይተኩ። በዚህ ሁኔታ የሚቀረው ለውጥ በአብዛኛው ከውጭ የመጣ ነው።

በባፕታ የመደንዘዙ ቁልቁለት ሳይለወጥ የማገገሙ ከተለወጠ የውስጥ ካልሲየም የሚነካው ማገገምን ነው። ካልሲኒዩሪንን የሚያግደው ሳይክሎስፖሪን ኤ ማገገሙን ካፋጠነው ካልሲኒዩሪን ፎስፌት እየነቀለ ሲያዘገየው እንደነበር ያመለክታል። ይህን ደንብ ግን ወደ ሌላ ተቀባይ አይውሰዱት፦ ሁጋኒርና ባልደረቦቹ በ1986 እንዳሳዩት በቶርፔዶ (ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ዓሣ) ተቀባይ ላይ በሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚነቃው ካይኔዝ ፎስፌት ሲጨምር መደንዘዙ ራሱ ይፋጠናል።

ትልቅ ከረንት ያሳስታል። 2 ናኖአምፒር በ10 ሜጋኦም ሲያልፍ 20 ሚሊቮልት ስህተት ይፈጥራል፤ የሴሪስ ሬዚስታንስ (ከረንቱ በፒፔቱ በኩል የሚገጥመው ተቃውሞ) ማካካሻ ይጠቀሙ ወይም ኒኮቲኑን ይቀንሱ። ከረንቱ በጊዜ ብዛት በራሱ እየወረደ ስለሚሄድም የማገገሚያ ቆይታዎቹን ከአጭር ወደ ረጅም ሳይሆን አደባልቀው ይስጡ፣ የማገገሙን መቶኛም ሁልጊዜ ከዚያው ዙር የመጀመሪያ ከረንት ጋር ያስሉ። የፒፔት ሶሉሽን መሃል ላይ ስለማይቀየር ሦስቱን ሶሉሽኖች በተለያዩ ህዋሳት፣ ግን በአንድ ቀን ከአንድ ሳህን ያወዳድሩ።