ሲሳሳት ከመጀመሪያው የሚጀምር ልጅ፦ ከፒያኖ ኮንሰርት በፊት ችግርና መፍትሄ

በየቀኑ ተለማመዱ፣ ጥፍር ቁረጡ የሚለውን አልደግመውም። ይሄ ያንን ሁሉ አድርጋችሁ፣ ኮንሰርቱ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ለሚገጥማችሁ ጣጣ ነው።

ፔዳሉ በተቃራኒው ይሠራል። ሲረግጡት ድምፁ ይቆረጣል፣ ሲለቁት ይጎተታል። ብዙ ጊዜ ኪቦርዱ ሲበራ የልጁ እግር ፔዳሉ ላይ ስለነበር ነው። አጥፉት፣ እግሩን ያንሳ፣ አብሩት።

ጣቱ ልክ ነው፣ ድምፁ ግን ሌላ ነው። ትራንስፖዝ፣ ማለትም የኪቦርዱን ድምፅ በሙሉ ወደ ቀጭን ወይም ወደ ወፍራም የሚያዛውረው ማስተካከያ፣ ተነክቷል። ወደ ዜሮ መልሱት።

«የአዳራሹ ፒያኖ ድንጋይ ነው» ይላል። እውነቱን ነው። እቤት ያለው 61 ቁልፍ ያለው፣ ቢዳስሱትም ቢደበድቡትም አንድ ዓይነት ድምፅ የሚያወጣ ኪቦርድ ነው። እሱ መጫወቻ እንጂ መለማመጃ አይደለም፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ። አዳራሹ ውስጥ ያለው 88 ቁልፍ አለው፣ እያንዳንዱ ቁልፍም መዶሻ ያነሳል። ቢያንስ ሁለት ቀን እዚያው ወስዳችሁ አለማምዱት። መሃለኛዋን ዶ ራሱ ፈልጎ ያግኛት፤ ከግራ 40ኛዋ ናት። አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን ርቀት፣ ስቶ የሚጀምር ልጅ በየዓመቱ አይጠፋም።

አሁን ወደ ዋናው። ልጁ መሃል ላይ ይቆማል። ከመጀመሪያው ይጀምራል። እዚያችው ቦታ ሲደርስ ደግሞ ይቆማል።

አንድ የዘጠኝ ዓመት ተማሪዬ የቤትሆቨንን ፉር ኤሊዝ ይዞ ወጣ። የዚህ ሥራ መነሻ ክፍል ሦስት ጊዜ ይመጣል፣ መውጫው ግን በየጊዜው ይለያያል። ልጁ መውጫው ጠፋበት። ዞረ፣ ዞረ፣ አሁንም ዞረ። አምስተኛው ዙር ላይ አያቱ ያለቀ መስሏቸው እልልታውን አቀለጡት። በዚያው ተነስቶ እጅ ነሳ። እልልታ ባይኖር እስካሁን እዚያው ነበር።

ምክንያቱ መርሳት አይደለም። እቤት በተሳሳተ ቁጥር «እንደገና ከመጀመሪያው!» የሚለው ሰው ነው። እኔም ለዓመታት ያው ነበርኩ። እጁ የተማረው፣ ስትሳሳት ተመለስ የሚለውን ነው። ፊደል በቃሉ የሚወርድን ሕፃን አስቡት። «ቀ የቷ ናት?» ሲሉት ከሀ ተነስቶ እያዜመ ይመጣል። የኔታ መድኃኒቱን ያውቁታል፦ አቡጊዳ። ፊደሉን በሰያፍ አፋልሶ ማስነበብ።

እኔም ይህንኑ ሰረቅኩ። ኖታውን አራት ቦታ ክፈሉና አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ ብላችሁ ጻፉበት። በእርሳስ! ምልክቱ አዲስ የዜማ ሐረግ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ይሁን፤ ሐረጉ መሃል ላይ ከሆነ ምንም አይጠቅምም። መጀመሪያ ዳን ያጥና፣ ቀጥሎ ጊን፣ ወደ ኋላ እያለ። ከዚያ በዘፈቀደ አንዱን ፊደል ጥሩ። «ጊ!» ስትሉት ሳያስብ ከጊ ይነሳ። ግራ እጁን ብቻውንም አስጫውቱት፣ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

የመጨረሻው ሳምንት ሕግ አንድ ነው፦ ወደ ኋላ የለም። ቢሰናከል ወደሚቀጥለው ፊደል ይዘላል። እኔ ሆን ብዬ እሰብራቸዋለሁ። ሲጫወቱ አስላለሁ፣ የበር ቁልፍ እጥላለሁ፣ ስልክ አስጮሃለሁ። በዚህ ሳምንት የጣት አቀማመጥ እንዳትቀይሩ። ዋዜማው ላይም ይሄን ዘዴ አትጀምሩ።

አንዲት ተማሪዬ ቡ ላይ ተሰናክላ ጊ ላይ አረፈች። ፊቷ ቅንጣት አልተለወጠም። እናቷ በኋላ ጠጋ ብለው «ዛሬ አጠር አደረገችው እንዴ?» አሉኝ።

በጣም ፈጥኖ ይጀምራል። ልብ ሲመታ ጣትም ይሮጣል። ቁልፉን ከመንካቱ በፊት ከባዱን ቦታ በልቡ ያንጎራጉር። በዚያ ፍጥነት ይጀምር።

እግሩ ይንጠለጠላል። የለስላሳ ሳጥን ገልብጣችሁ ከእግሩ ሥር አድርጉለት።

ወደ እናንተ ያያል። ስልክ ደቅናችሁ ፊት ለፊቱ ስለቆማችሁ ነው። ከኋላ ሆናችሁ ቅረጹ።