የእንጨት ጀልባ በቤታችሁ ስትሠሩ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያ ጀልባዬን የሠራሁት በኮምፔንሳቶ ነው። የተቆረጡትን ክፍሎች በመዳብ ሽቦ ትሰፋላችሁ፤ ከዚያ መገጣጠሚያውን በኢፖክሲ፣ ማለትም ከማድረቂያ ጋር ተበጥብጦ በሚጠነክር ሙጫ፣ እና በፋይበርግላስ ጥብጣብ ታያይዛላችሁ። ለጀማሪ ደህና ዘዴ ነው። ቀለሟ ሲደርቅ ጀልባዋ አማረችብኝ፤ ችግሩ ያለው ከቀለሙ ሥር ነበር። ሌሎች ጀማሪዎች ሲሠሩም አይቻለሁ። ባብዛኛው የምንሳሳተው እዚያው ቦታ ላይ ነው።

ኢፖክሲን በግምት መበጥበጥ

«ማድረቂያውን ጨመር ባደርገው ቶሎ ይደርቅልኛል» የሚል ሰው ብዙ ነው። ኢፖክሲ እንደዚያ አይሠራም። ሙጫውና ማድረቂያው የሚጣመሩት በተወሰነ ልክ ነው። ሁለት ለአንድ ከተባለ ሁለት ለአንድ ነው። የተረፈው ማድረቂያ የሚጣመረው ስለማያገኝ ላስቲክ እንደመሰለ ይቀራል፤ ያኔ ፍቆ ማውጣት ነው። በስፍር የተሰጠው ልክ በሚዛን ከሚወጣው ጋር አንድ እንዳልሆነም ልብ በሉ። ሚዛን ከተጠቀማችሁ የክብደቱን ቁጥር ከመመሪያው ላይ ፈልጉ።

አንድ ቀን ግማሽ ሊትር ያህል በጠባብ ኩባያ በጥብጬ ስልክ ላነሳ ዞር አልኩ። ስመለስ ኩባያው ይጨሳል፣ ፕላስቲኩም ከታች ጎብጧል። ኢፖክሲ ሲጠነክር ሙቀት ያወጣል። ተከማችቶ ሲቀመጥ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ራሱን እያፋጠነ ይሄዳል። ስለዚህ በትንሽ በትንሹ በጥብጡ፤ ወዲያው ዝርግ ዕቃ ላይ አፍስሱት። ጓንት ደግሞ ግዴታ ነው። ኢፖክሲ ቆዳ እየነካ ከቆየ አለርጂ ያመጣል፤ አንዴ ከጀመረ አይለቅም።

መጋጠሚያውን ማስጠማት

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው፤ ምክንያቱም አይታይም። ሁለቱን እንጨቶች በቀጭኑ ኢፖክሲ ቀብተን በሞርሴቶ፣ በማጥበቂያው፣ ጥርቅም እናደርጋቸዋለን። እንጨቱ ይጠጣል፣ በተለይ የተቆረጠው ጫፍ። የተረፈችውን ደግሞ ሞርሴቶው ጨምቆ ያወጣታል። እንዲህ ያጣበቅኩትን አንድ መጋጠሚያ በመሮ ስፈለቅቀው መሃሉ ደረቅ እንጨት ነበር። የመጋዙ ጥርስ ፈለግ ሳይቀር ይታያል።

መጀመሪያ ሁለቱንም ፊት በንጹሕ ኢፖክሲ ቀቡና እስኪጠጣ ጠብቁ። ከዚያ በደቃቅ የእንጨት ዱቄት የወፈረ ኢፖክሲ መሃል ላይ አድርጉ። ሞርሴቶውን ኢፖክሲው ከዳሩ ትንሽ ብቅ እስኪል ብቻ አጥብቁ። ከትርፍራፊ እንጨት ናሙና ሠርታችሁም ስበሩ። እንጨቱ ራሱ ከተሰነጠቀ ሥራው ጥሩ ነው። በመጋጠሚያው ላይ ንጹሕ ሆኖ ከተላቀቀ ግን ጀልባውን አትንኩ፤ ናሙናውን እንደገና ሥሩ።

ሳይታጠብ መፈግፈግ

አንዳንድ ኢፖክሲ ሲደርቅ ላዩ ላይ ሰም የመሰለ ስስ ነገር ይወጣል። ውሃና ስፖንጅ ያስለቅቀዋል። ሳይታጠብ በብርጭቆ ወረቀት ከታሸ ግን ይሰራጫል፣ የሚመጣው ቀለምም ይላጣል።

ጠማማነቱን ዘግይቶ ማየት

በሽቦ ብቻ የተያዘች ጀልባ እንደ ካርቶን ነው የምትጣመመው። ሙጫ ከመንካታችሁ በፊት ከአፍንጫዋ እስከ ኋላዋ ሲባጎ ወጥሩ። ከፊትና ከኋላ ጠርዟ ላይ ቀጥ ያሉ ሁለት ጣውላዎች አጋድሙና ዝቅ ብላችሁ በአንድ ዓይን ተመልከቱ። አንዱ ከሌላው ጋር ካልተስተካከለ ጠማማ ናት። ያን ጊዜ አንድ ሽቦ ላላ፣ ሌላውን ጠበቅ ማድረግ ይበቃል። ከደረቀ በኋላ ግን መመለሻ የለውም፤ በቀዘፋችሁ ቁጥር ወደ አንድ ወገን ትጎትታችኋለች።

እንጨቱንና ብሎኑን በርካሽ መግዛት

ለጀልባ የሚሆን ኮምፔንሳቶ ውሃ በማያላቅቀው ሙጫ የተሠራና በንብርብሮቹ መሃል ባዶ ኪስ የሌለው ነው። ቢኤስ 1088 የሚባለው ደረጃ የወጣው ለዚሁ ነው። ማህተሙን ባገኝም ቁራጭ ቆርጬ ለጥቂት ሰዓት እቀቅላለሁ። ንብርብሩ ከተላቀቀ አልነካውም። ብሎን ደግሞ ነሐስ ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን፤ የጂፕሰም ቦርድ ብሎን ዝጎ እንጨቱንም ያበላሸዋል። የጨረሳችሁትን ኢፖክሲ በቀለም ወይም በፀሐይ መከላከያ ባለው ቫርኒሽ ሸፍኑት፤ ፀሐይ ይጎዳዋል።

«እንጨት ይንሳፈፋል» ብሎ መተማመን

ውሃ የሞላት ጀልባ ባትሰጥም እንኳ እናንተን ላትሸከም ትችላለች። ከመቀመጫ ሥር የታሸገ የአየር ክፍል ያስፈልጋል። አንድ ሊትር የታሸገ አየር ወደ አንድ ኪሎ ገደማ ያነሳል፤ ከሰው፣ ከዕቃና ከሞተር አንፃር አስሉት። መቀመጫውንም ለምቾት ብላችሁ ከፕላኑ ከፍ አታድርጉ፤ ክብደት ወደ ላይ በሄደ መጠን ጀልባዋ ለመገልበጥ ትቀርባለች።

ለመጀመሪያ ጊዜ ራቅ ብላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት፣ ውሃው ወገብ በሚደርስበት ቦታ ሆን ብላችሁ ሙሏትና ግቡባት። ሰው ከጎናችሁ ይቁም፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት ልበሱ። ጠርዟ ከውሃው በላይ ከቀረና በባልዲ እየቀዳችሁ ማድረቅ ከቻላችሁ፣ በሚቀጥለው ቀን ራቅ አድርጋችሁ ቅዘፏት።