አንጋፋ ወታደር ስናከብር የምንፈጽማቸው ስህተቶች

ቤተሰብ ወይም ዕድር «እኒህን የጦር ሜዳ ሰው በሕይወት ሳሉ እናመስግናቸው» ብሎ ሲነሳ ደስ ይላል። ችግሩ ያለው ዝግጅቱ ላይ ነው።

ማዕረግን በግምት መጥራት የመጀመሪያው ስህተት ነው። ሃምሳ አለቃውን «ሻምበል» ብሎ ወደ መድረክ የሚጋብዝ አስተዋዋቂ ክብር የጨመረላቸው ይመስለዋል። እሳቸው ግን ባላገኙት ማዕረግ ሲጠሩ ያፍራሉ፤ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡ ጓዶቻቸውም እውነቱን ያውቁታል። የመጨረሻ ማዕረጋቸውን አስቀድማችሁ ራሳቸውን ጠይቁ፤ በመጥሪያው ወረቀትም በሽልማቱም ላይ ያንኑ ጻፉ።

ዘመቻዎችን ማደባለቅ ከዚህ ይብሳል። ከ1943 ጀምሮ ወደ ኮሪያ የሄዱት የቃኘው ሻለቃ ጦር ወታደሮች ናቸው፤ ኮንጎ የዘመተው ጠቅል ብርጌድ ነው። አስመራ የነበረው ቃኘው ጣቢያ ደግሞ የአሜሪካኖች የመገናኛ ሰፈር ነበር፤ ስሙን ብቻ አይቶ እዚያ ያገለገለን ሁሉ የኮሪያ ዘማች ማድረግ አይቻልም። የኮሪያው ውጊያ በ1945 ቆሟል፤ በ1960ዎቹ የተቀጠረን ወታደር እዚያ የሚያዋጋ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ግን ሰምቻለሁ፤ ሕዝቡም አጨብጭቧል። የዘመን አቆጣጠሩም ያሳስታል። የካራማራ ድል የካቲት 26 ቀን 1970 ነው። ውጭ አገር ያደጉ ልጆች ጽሑፉን ሲያዘጋጁ የፈረንጆቹን ዓመት ወስደው «1978» ይሉና አባታቸውን ከድሉ ስምንት ዓመት ያርቋቸዋል።

ሌላው የሕይወት ታሪኩን ግንቦት 1983 ላይ ቆርጦ ማቆም ነው። ሠራዊቱ ሲበተን ስንቱ መኮንን ጥበቃ ሆነ፣ ስንቱ የቀን ሥራ ገባ! በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ ተመልሰው የተጠሩም ነበሩ። አንጋፋው ፈቃደኛ ከሆኑ ይህም ይነበብ፤ እኔ እንደማስበው ከሜዳሊያው የማያንስ ታሪክ ነው።

መድረኩን የመንግሥታት መወቃቀሻ አታድርጉት። በንጉሡ ዘመን ተቀጥሮ በደርግ ዘመን የቆሰለን ሰው ለማመስገን ስለ ሁለቱ ሥርዓቶች መፍረድ ግድ አይደለም። «ስንት ሰው ገደሉ?» የሚለውን ጥያቄም ልጆች እንዳያነሱት ቀድማችሁ ምከሯቸው። ይልቅ ስለ ስንቃቸው፣ ስለ ደብዳቤያቸው፣ አጠገባቸው ስለወደቀው ጓድ ይጠየቁ፤ ዝም ካሉም አትጎትጉቷቸው።

ባለቤታቸውን ከእንግዶች ኋላ ማስቀመጥ ነውር ነው። ከካምፕ ካምፕ ሲዛወሩ ጓዙን የጠቀለሉት፣ ደመወዝ ሲዘገይ ልጆቹን ያበሉት እሳቸው ናቸው። ወንበራቸው ከባለቤታቸው ጎን ይሁን፤ ስማቸውም በንግግሩ ውስጥ ይጠራ።

የመጨረሻው የሰዓት ጉዳይ ነው። ሦስት ተናጋሪ ተራ በተራ ስለ ጀግንነት ሲያወራ ተከባሪው ሽማግሌ ይደክማቸዋል፤ ማይክሮፎኑ ሲደርሳቸው እንግዳው ወደ ምግቡ ተነስቷል። መድፈኛ የነበሩ ከሆነ ጆሯቸው ደክሞ ሊሆን ስለሚችል ስለ እሳቸው የተባለውን ግማሹን እንኳ ላይሰሙት ይችላሉ። ከፊት አስቀምጧቸው፤ ከሁሉ አስቀድመው እሳቸው ይናገሩ፤ ድምፃቸውንም ቅረጹ። የባለሥልጣኑ መልእክት ከምሳ በኋላ ቢነበብ ማንም አይጎዳም።