ለብቻ የሚጫወቱትን ውስብስብ የጦርነት ጨዋታ፣ ደንቡ ግራ ቢያጋባም፣ እንዴት መልመድ ይቻላል

ሳጥኑ ሲከፈት ካርታ፣ የጦር ክፍሎችን የሚወክሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ የካርቶን ጠጠሮች፣ ሠንጠረዦችና ዳይስ ይወጣሉ። ከሥር ደግሞ ወፍራም የደንብ መጽሐፍ አለ። ብዙ ሰው ከገጽ 1 ጀምሮ እንደ ልቦለድ ሊያነበው ይሞክርና ግማሹ ላይ ሳይደርስ ይተወዋል። ጥፋቱ የአንባቢው አይደለም። እነዚህ መጽሐፎች በአብዛኛው እንደ ሕግ አንቀጽ 7.0፣ 7.3፣ 7.32 እየተባሉ የተከፋፈሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኤስፒአይ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ በሰፊው የተጠቀመበት ይህ አጻጻፍ የተጠራጠሩትን ነጥብ ፈልጎ ለማግኘት ይመቻል፤ ጨዋታውን ከዜሮ ለመማር ግን አይሆንም።

ለብቻ ሲጫወቱ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ሁለት ሰው ሲጫወት የአንዱን ስህተት ሌላው ያርማል። እዚህ ግን ጠላትን የሚያንቀሳቅሰው ራሱ ደንቡ ነው። ጠላት መተኮስ ሲገባው ባይተኩስ የሚከራከርዎት የለም፤ ሳያውቁት ጨዋታው ይቀላል፣ ወይም ፈጽሞ የማይሸነፍ ይሆናል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜዎን የሚሰጡት ለጠላት አሠራር ነው።

ደረጃ 1፦ የቅርብ ጊዜውን ደንብ ያግኙ

ብዙ አሳታሚዎች የታረመ ደንብና የእርማት ዝርዝር በድረ ገጻቸው በነፃ ያወጣሉ። ከማንበብዎ በፊት አውርደው እርማቶቹን በሳጥኑ መጽሐፍ ኅዳግ ላይ በእርሳስ ይጻፉ። ለሰዓታት የሚያሟግት አንቀጽ አንዳንዴ የማተሚያ ስህተት ብቻ ነው።

ደረጃ 2፦ ጠጠሮቹን ይለዩ፣ ማንበብም ይልመዱ

ሁሉንም ጠጠር አይንቀሉ። ለመጀመሪያው ሲናሪዮ (ማለትም መጽሐፉ ለሚያቀርበው የመጀመሪያ የውጊያ ሁኔታ) የሚያስፈልጉትን ብቻ አውጥተው በየወገናቸው በትንንሽ ከረጢት ያስቀምጡ። ከተደራረቡ ጠጠሮች መካከል አንዱን ለማንሳት ወረንጦ ይጠቅማል፤ ጣት የጎረቤቱን ያናጋል።

በብዙ ጨዋታዎች ጠጠሩ ግርጌ ላይ ያለው የግራ ቁጥር የውጊያ ጉልበት፣ የቀኙ የጉዞ አቅም ነው። በመሐሉ ሳጥን ውስጥ የተጣመሩ ሁለት ሰያፍ መስመሮች እግረኛ፣ ሞላላ ቅርጽ ታንክ፣ ጥቁር ነጥብ መድፍ ማለት ነው። ከሳጥኑ በላይ አንድ ቋሚ መስመር ሻምበል፣ ሁለት ሻለቃ ሲያመለክት፣ አንድ የመስቀል ምልክት ብርጌድ፣ ሁለት ክፍለ ጦር ነው። ይህን በቃልዎ ከያዙ ካርታው ወዲያው መናገር ይጀምራል።

ደረጃ 3፦ ሦስት ነገር ብቻ ያንብቡ

የጨዋታ ዕቃዎቹን ማብራሪያ፣ የዙሩን ቅደም ተከተልና የማሸነፊያውን ሁኔታ። ከዚያ ቅደም ተከተሉን በእጅዎ በአንድ ገጽ ላይ ይገልብጡ፣ ከእያንዳንዱ እርምጃ ጎንም የአንቀጹን ቁጥር ያኑሩ። መገልበጡ አሰልቺ ይመስላል፤ ነገር ግን የታተመውን ማጠቃለያ ማየት አይተካውም፣ ምክንያቱም የትኛው እርምጃ ከየትኛው እንደሚቀድም እጅዎ ሲጽፈው ነው የሚያስተውሉት።

ደረጃ 4፦ ትንሹን ሲናሪዮ ዘርግተው ሁለት ዙር ይጫወቱ

አንቀጹን የሚያነቡት እርምጃው ላይ ሲደርሱ ብቻ ነው። ሲናሪዮው አውሮፕላን ከሌለው የአውሮፕላኑን ምዕራፍ አይክፈቱ፤ የስንቅና ትጥቅ ደንብ በሁለት ዙር ውስጥ ለውጥ የማያመጣ ከሆነም ለጊዜው ይለፉት። ሁለት ዙር ከተጫወቱ በኋላ ሁሉንም አንስተው እንደገና ከመጀመሪያው ይዘርጉ። የመጀመሪያው ሙከራ የሚጣል ልምምድ መሆኑን አስቀድመው ካወቁ ስህተቱ አያበሳጭም።

ደረጃ 5፦ ውጊያን በወረቀት ላይ ያስሉ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አጥቂው 11፣ ተከላካዩ 4 ጉልበት ቢኖራቸው 11 ለ 4 ሲካፈል 2.75 ነው። ብዙ ደንቦች ለተከላካዩ እንዲያደላ ወደ ታች ያጠጋጉታል፣ ስለዚህ 2 ለ 1 ይሆናል። አንድ ነጥብ ብትጨመር 12 ሆኖ 3 ለ 1 ይደርስ ነበር፤ አንድ ደካማ ጠጠር ማምጣት የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

ተከላካዩ ኮረብታ ላይ ከሆነ ደንቡ ምን እንደሚል በጥንቃቄ ይዩ። «አንድ ዓምድ ወደ ግራ» ካለ የውጊያው ውጤት በሚነበብበት ሠንጠረዥ ላይ ከ2 ለ 1 ወደ 1 ለ 1 ይወርዳሉ። «ከዳይሱ 1 ቀንስ» ካለ ግን ዓምዱ አይነካም፣ የሚቀነሰው ከወጣው ቁጥር ነው። ሁለቱ ፍጹም የተለያየ ውጤት አላቸው፣ አንዱን በሌላው መተካትም የተለመደ ስህተት ነው።

ደረጃ 6፦ የጠላትን አሠራር በጥያቄ ይበትኑ

አንድ ባዶ ወረቀት ይያዙና እነዚህን መልሱ እስኪገኝ ይፈልጉ፦ ከጠላት ጦር ማን ቀድሞ ይንቀሳቀሳል? ማንን ይመርጣል? ሁለት ዒላማ እኩል ቢርቁስ? መንገዱ ከተዘጋስ? ዋናው ደንብ ብዙውን ጊዜ ግልጽ ነው፤ የሚያደናግረው እኩል ሲሆኑ የሚለየው ዓረፍተ ነገር ነው፣ እሱም ከሌላ ምዕራፍ ወይም ከማብራሪያ ሳጥን ውስጥ ተደብቆ ይገኛል። ለምሳሌ ጆን በተርፊልድ በነደፈውና እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው «ዲ-ዴይ አት ኦማሃ ቢች» በተባለው ጨዋታ የጀርመን ምሽጎች መቼ እንደሚተኩሱ የሚወስነው የሚሳበው ካርድ ነው፤ ካርዱን አንብቦ ማን እንደሚመታ መለየት ካልተካኑ ቀሪው ጨዋታ ትርጉም አይኖረውም።

«ይችላል» እና «አለበት» የሚሉትን ቃላት ያስምሩባቸው። «አለበት» የተባለውን ጠላት ምንም ያህል ሞኝነት ቢመስል ያድርግ። «አጎራባች» ሲባልም ጠጠሩ ካርታው ላይ ያረፈበትን ቦታ ራሱን ይጨምር እንደሆነ ከትርጓሜው ክፍል ያረጋግጡ፤ ተኩስና ወረራ በዚህ አንድ ቃል ይለያያሉ።

መልስ ሳያገኙ ከአምስት ደቂቃ በላይ ከፈለጉ ያቁሙ። ለእርስዎ የሚከብደውን ትርጉም ይምረጡ፣ ከነአንቀጹ ቁጥር በደብተር ላይ ይጻፉትና እስከ ጨዋታው ፍጻሜ በዚያው ይቀጥሉ። መሐል ላይ ትርጉም መቀየር ማሸነፍም መሸነፍም ዋጋ እንዲያጣ ያደርጋል። የጻፉትን በኋላ ከእርማት ዝርዝሩ ጋር ያመሳክሩ።

ሲያቋርጡ ካርታውን በስልክ ፎቶ ያንሱ፣ የደረሱበትንም እርምጃ በገለበጡት ገጽ ላይ በጠጠር ያመልክቱ። ትንሹን ሲናሪዮ መጽሐፉን ሳይከፍቱ አንድ ሙሉ ዙር መጫወት ሲችሉ ከተዘለሉት ምዕራፎች አንዱን ብቻ ይጨምሩ። የሚቀጥለውን የሚጨምሩት ያኛውም በቃል ከተያዘ በኋላ ነው።