የድመት ፀጉር ከምንጣፍ አልነሳ ሲል፦ ብዙዎቻችን የምንሠራቸው ስህተቶች

አርብ ከሰዓት ነው። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተሰብስቧል። ሁሉም ምንጣፉ ላይ ዘና ብሎ ተቀምጧል። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው ተጠጥቶ፣ ተመራርቀን እንግዶቹ ሲነሱ፣ የአንዲት እናት ነጭ ነጠላ ከኋላ በኩል ግራጫ ሆኖ አየሁት። የድመታችን ፀጉር ነው። ጠዋት ሁለት ጊዜ ጠርጌው ነበር። እሳቸው ምንም አላሉም። እኔ ግን ማታውን ሁሉ ስብሰለሰል አደርኩ።

ድመቷን ከቤት ማስወጣት የማይታሰብ ነው። ደሴ ውስጥ እኛ ሰፈር ድመት ያጣ ቤት አይጥ ሲያባርር ነው የሚያድረው። ደግሞስ በዚህ በጦሳ ተራራ ብርድ ማን ጨክኖ ያስወጣታል? ስለዚህ መታረም ያለበት አጸዳዳችን ነበር። ቀስ በቀስ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

ውሃ ማስቀደም

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። እኔም የወደቅኩት እዚህ ላይ ነው። ከዚያ አርብ በኋላ ምንጣፉን ጠቅልዬ ወደ አንድ ላቫጆ ላክሁት። መኪና በሚታጠብበት የግፊት ውሃ ታጠበ። አቧራው ወጣ፣ ቀለሙ ፈካ። ፀጉሩ ግን ከምንጣፉ ክር ጋር ተጋምዶ ትንንሽ ጉብጉብ ሠርቶ መጣ። በጣት ብትጎትቱት እንኳ አይለቅም።

ምክንያቱን የነገሩኝ አክስቴ ናቸው። በልጅነታቸው ከቤተሰብ ጋር የበግ ጠጉር ሠርተዋል። ጠጉሩ ተፈትሎና ተሸምኖ ሲያልቅ በሙቅ ውሃ ይረገጣል። የሚረገጠው እንዲጠብቅና ብርድ እንዳያስገባ ነው። ባናና በርኖስ ያን ያህል ጥቅጥቅ የሚለው በዚሁ ነው። እኔም ሳላውቀው የድመት ፀጉር ምንጣፌ ላይ ባና አድርጌው ነበር!

ነገሩ እንዲህ ነው። ፀጉር በዓይን ሲታይ ለስላሳ ነው። በማጉያ ሲታይ ግን ላዩ እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረቡ ጥቃቅን ቅርፊቶች ተሸፍኗል። ሲርስና ሲታሽ እነዚህ ቅርፊቶች እርስ በርስ ይያያዛሉ። ፀጉሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ይገባል፣ ወደ ኋላ አይመለስም። ስለዚህ ምንጣፍ ከመታጠቡ በፊት ፀጉሩ በደረቁ ተለቅሞ ማለቅ አለበት። ውሃ የመጨረሻው ሥራ ነው።

ደግሞ ጊዜውን አስቡ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡና ጉሙ ተቀባብለው ፀሐይ አያሳዩም። በዚያን ጊዜ ወፍራም ምንጣፍ ካጠባችሁ ቀናት ሙሉ ሳይደርቅ ይከርማል። ከሥሩ ይሻግታል፣ ሽታውም አይለቅም። ኮምቦልቻ ዘመድ ያለው ሰው እዚያ ወስዶ ቢያጥብ ይሻለዋል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ሙቀቱ ግን ሌላ አገር ነው። ያ ካልሆነ መስከረም እስኪጠባ ታገሡ።

በሣር መጥረጊያ ወደ አንድ በኩል ብቻ መጥረግ

የሣር መጥረጊያ ለሲሚንቶ ወለል ጥሩ ነው። ምንጣፍ ላይ ግን ላይ ላዩን ዳብሶ ያልፋል። ወደ አንድ በኩል ብቻ ስንጠርግ ደግሞ የምንጣፉ ክር ተኝቶ ፀጉሩን ከሥሩ ይሸፍነዋል። የጸዳ ይመስላል። ሰው ሲቀመጥበት ክሩ ይነሳና ፀጉሩ ልብስ ላይ ይወጣል። የዚያች እናት ነጠላ የተበላሸው በዚህ ነው።

የሚሠራው ጎማ ነው። ጎማ ፀጉሩን ይይዝና ይስበዋል፣ እየጠቀለለም ያወጣዋል። የዕቃ ማጠቢያ የጎማ ጓንት አጥልቃችሁ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ማለትም ክሩ በሚቆምበት በኩል፣ አጠር አጠር አድርጋችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡ። ፀጉሩ እየተድበለበለ ይመጣል። ጓንት ከሌለ የወለል ውሃ መግፊያው ጎማ ይሆናል። ታጥቦ የደረቀ ነጠላ ጫማም ሶሉ ጎማ ከሆነ ይሠራል። እኔ የብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጬ እንጨት ላይ ጠምጥሜ ነው የምጠቀመው። ከሁሉም የተሻለኝ እሱ ነው። ከጓንቱ ይበልጥ የሚይዝ፣ ክንድም የማያደክም።

አትቸኩሉ። መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ያዙ፣ የአንድ ፍራሽ ያህል። እሱን ጨርሳችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ። ጠርዙን አትርሱ፤ ድመት ግድግዳ ጥግ መተኛት ትወዳለች።

ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ ብርድ ነገሩ ይከብዳል። ሹራብ ስታወልቁ ቋ ቋ ሲልና ፀጉራችሁን ሲያቆመው አስተውላችኋል? ያው የኤሌክትሪክ ጉልበት የድመት ፀጉርንም ምንጣፉ ላይ ያጣብቀዋል፤ በተለይ ምንጣፉ ሰው ሠራሽ ከሆነ። ለዚህ መፍትሔው ጓንቱን በውሃ ነክሮ ጥሩ አድርጎ ማራገፍ ነው። ወዝ እንዲኖረው ብቻ። ከላይ ውሃ አታስቀድሙ ያልኩት ምንጣፉን ስለማራስ ነው። እጃችሁን ምንጣፉ ላይ ስታሳርፉ እርጥበት ከተሰማችሁ በዝቷል ማለት ነው።

ቤት ውስጥ መደብደብ

ምንጣፍ መደብደብ አቧራ ያወጣል። የተጋመደ ፀጉር ግን በዱላ አይወጣም። ስለዚህ በቅድሚያ በጎማ ይለቀም፣ ከዚያ ውጭ ገመድ ላይ ተሰቅሎ በጀርባው በኩል ይደብደብ። ሳሎን ውስጥ ወይም በር ላይ ማራገፍ ግን ይቅር። ድመት የማይስማማው ሰው የሚታመመው በፀጉሩ ብቻ አይደለም። ከምራቋና ከቆዳዋ የሚወጣው ጥቃቅን ነገር ነው ደረት የሚዘጋው። ፀጉሩ ያንን ተሸክሞ ይዞራል። አስም ያለበት ልጅ ወይም ሽማግሌ ቤት ውስጥ ካለ፣ ሥራው እስኪያልቅ ጎረቤት ይቆይ። እናንተም አፍንጫና አፋችሁን ሸፍኑ።

በረኪና

ይሄን ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ድመቷ ምንጣፉ ላይ ሸንታ ሽታው ሲያስቸግር በረኪና የሚደፋበት ሰው አለ። ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ በረኪና ሱፍን ይበላዋል። የሱፍ ስጋጃ ቢጫ ሆኖ ክሩ እየተቆረጠ ይረግፋል። ሁለተኛው ይብሳል፤ ሽንት ውስጥ አሞኒያ አለ፣ በረኪና ሲነካው ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል። በር በተዘጋ ክፍል ውስጥ አደገኛ ነው። ሽንቱን በጨርቅ ተጫን አድርጋችሁ አስመጥጡት፣ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግማችሁ አንሱት፣ በመጨረሻ በውሃ የቀጠነ ነጭ ኮምጣጤ አድርጉበት።

ስጋጃችሁ ሱፍ ይሁን ሰው ሠራሽ ካላወቃችሁ፣ አብሽሩ፣ ማወቂያ አለ። ከጀርባው ጠርዝ አንዲት ክር ቁረጡ። በወረንጦ ይዛችሁ፣ ውሃ ያለበት ሳህን ላይ ለኩሷት። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲነኩት ይፈረካከሳል። ሰው ሠራሽ ከሆነ ይቀልጥና ጠጣር ጠብታ ይሆናል። ሱፍ ከሆነ ሙቅ ውሃም ይቅርበት። የባናው ነገር ትዝ ይበላችሁ።

ቫክዩም አለኝ ብሎ መዘናጋት

ቫክዩም ያላችሁ ሁለት ነገር ብቻ ተመልከቱ። ቦርሳው ሲሞላ መሳቡ ይደክማል፤ ቶሎ ቶሎ አራግፉት። ብሩሹ ላይ የተጠመጠመውን ፀጉር ደግሞ ሶኬቱን ነቅላችሁ በመቀስ እየቆረጣችሁ አውጡ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ፣ አንዴ በቁመት አንዴ በአግድም ሂዱበት። በጎማ ቀድሞ ከተነሳ ግማሹ ሥራ አልቋል።

ማስቲሽ ያለው ፕላስተር ለመስገጃና ለትራስ ይሆናል። ለሙሉ ምንጣፍ ግን ገንዘብ ማባከን ነው፣ ሙጫውም ቀርቶ አቧራ ይስባል። የልብስ ማለስለሻ መርጨትም እንደዚያው፤ ሲበዛ ምንጣፉ ይጣበቅና ከሳምንት በኋላ ከበፊቱ ይቆሽሻል።

ድመቷን መርሳት

ምንጣፉ ላይ የሚገኘው ፀጉር ሁሉ ከእሷ ነው የመጣው። እኔ ይሄን ያሰብኩት በመጨረሻ ነው፤ መጀመሪያ መሆን ነበረበት። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ በረንዳ ላይ ወስዳችሁ በለስላሳ ብሩሽ ወይም በዚያው ጎማ ጓንት አብሷት። አብዛኛው የላላ ፀጉር እዚያው ይቀራል። አትላጯት፤ ፀጉሯ ከብርድም ከፀሐይም ይጠብቃታል። በየሳምንቱ ማጠብም ቆዳዋን ያደርቀዋል።

ስታብሷት ቆዳዋን ግለጥ አድርጋችሁ እዩ። ፀጉሯ ክብ ክብ እየሆነ ከረገፈ ጭርት ሊሆን ይችላል። ከፀጉሩ ጋር ምንጣፍ ላይ ይቆይና ልጆች ላይ ይወጣል፤ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዷት። ጥቁር ፍርፋሪ ካያችሁ ደግሞ የቁንጫ ኩስ ሊሆን ይችላል። የቁንጫ እንቁላል ከድመቷ ላይ ረግፎ ምንጣፍ ውስጥ ይፈለፈላል። ስለዚህ ድመቷን ብቻ ማከም አይበቃም፤ ምንጣፉም በየቀኑ መጠረግ አለበት።

የእኛዋ አሁን መስኮት ሥር የራሷ ቦታ አላት። አሮጌ ጋቢ አጥፌ አነጠፍኩላት። ፀሐይ የሚያርፍበት ስለሆነ ወዳው ምንጣፉን ተወችው። ጋቢው ሐሙስ ሐሙስ በረንዳ ላይ ይራገፋል። አርብ ጠዋት ምንጣፉ በከመነዳሪው አንድ ጊዜ ይታበሳል። ያቺ እናት ባለፈው ሲመጡ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ነበር።